«የድሮ መኪና ብረቷ ጠንካራ ናት» ሲባል እውነት ነው?

ሁለት መኪኖች ተጋጭተው ሰው ሲሰበሰብ አንዱ ይህን ማለቱ አይቀርም፦ «የዛሬ መኪና ቆርቆሮ ነው፤ የድሮዋ ብትሆን ምንም አትሆንም ነበር»። ቀላል ግጭት የአዲሱን መኪና ፊት ሲያጨማድደው ስናይ አባባሉ ትክክል ይመስላል። ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። መኪናው የሚጨማደደው እናንተ እንዳትጨማደዱ ነው።

ነገሩ በደንብ የሚታየው በፎርሙላ ዋን ስለሆነ ከዚያ እንጀምር። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 29 ቀን 2020 በባሕሬን ግራንድ ፕሪ፣ ገና በመጀመሪያው ዙር፣ የሃስ ቡድኑ ሮማን ግሮዣን ከሌላ መኪና ጋር ተነካካና በሰዓት 192 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ከብረት አጥር ጋር ተላተመ። መኪናው ለሁለት ተቆረጠ፤ ወዲያው በእሳት ተያያዘ። የዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን (ፊያ) ባደረገው ምርመራ የግጭቱ ኃይል ከመሬት ስበት 67 እጥፍ ደርሶ ነበር። ግሮዣን ግን ግማሽ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ከእሳቱ ውስጥ ራሱ ወጣ። እጆቹ ተቃጥለዋል፤ ሕይወቱ ተርፏል።

እንዴት ተረፈ? የውድድር መኪና ሁለት ዓይነት አካል አለው። አንዱ መሰበር የሌለበት ነው። ሹፌሩ የሚቀመጥበት ከካርቦን ፋይበር የተሠራው ሳጥንና ከ2018 ጀምሮ ከጭንቅላቱ በላይ የተገጠመው «ሄሎ» የሚባለው የቲታኒየም ቀለበት የዚህ ክፍል ናቸው። የሚገርመው፣ ግሮዣን ሄሎ ሲመጣ ከተቃወሙት ሹፌሮች አንዱ ነበር። ከአደጋው በኋላ ግን ከሆስፒታል አልጋው ላይ ሆኖ አመስግኖታል። ሌላው አካል ደግሞ እንዲሰበር ታስቦ የተሠራ ነው። አፍንጫውና ጎኖቹ እየተሰባበሩ ኃይሉን ይበላሉ።

መሰባበሩ ምን ይጠቅማል? ከአጥር ላይ ስትዘሉ ጉልበታችሁን ታጥፋላችሁ አይደል? ቀጥ ብላችሁ ብታርፉ ምቱ በሙሉ አጥንታችሁ ላይ ያርፋል። ጉልበት ሲታጠፍ ግን ሰውነት ቀስ ብሎ ይቆማል። መኪናም እንደዚያው ነው። ሰውነታችሁ እስኪቆም የሚጓዘው ርቀት 5 እጥፍ ከረዘመ፣ የሚያርፍባችሁ ኃይል በአማካይ ወደ አንድ አምስተኛ ይወርዳል። የተጨማደደው ኮፈን ያንን ርቀት ነው የገዛላችሁ።

ይህ የውድድር መኪና ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2009 የአሜሪካው የአውራ ጎዳና ደኅንነት የኢንሹራንስ ተቋም የ1959 ሼቭሮሌ ቤል ኤርንና የ2009 ሼቭሮሌ ማሊቡን ፊት ለፊት አጋጨ። እያንዳንዳቸው በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዙ ነበር። «ብረቷ ጠንካራ» የተባለችው ቤል ኤር የሹፌሩ ቦታ ተጨፈለቀ፤ መሪው ወደ አሻንጉሊቱ ተገፋ። እውነተኛ ሰው ቢሆን ኖሮ ይሞት ነበር። የማሊቡ ፊት እንዳልነበር ሆነ፤ ውስጡ ግን ደህና ነበር። ሹፌሩ እግሩ ላይ ቀላል ጉዳት ብቻ ይደርስበት ነበር።

ለቮልስና ለላዳ ያለን ፍቅር እንዳለ ነው። ግን ጥንካሬን በላሜራ ውፍረት አንለካ። ያገለገለ መኪና ስትገዙም ሆነ ስትሳፈሩ እነዚህን አስተውሉ፦

1. የኤርባግ መብራት፦ ቁልፉ ሲዞር ዳሽቦርዱ ላይ ለጥቂት ሰከንድ በርቶ መጥፋት አለበት። በርቶ ከቀረ ችግር አለ። ጭራሽ ካልበራም ጠርጥሩ፤ ኤርባጉ ፈንድቶ ሳይተካ መብራቱ ብቻ ተነቅሎ ሊሆን ይችላል።

2. የተጋጨ መኪና፦ በመዶሻ ተቃንቶ ቀለም የተቀባ ፊት አዲስ ሊመስል ይችላል። ውስጡ ያለው ኃይል የሚበላው ብረት በትክክል ካልተተካ ግን በሁለተኛው ግጭት እንደ መጀመሪያው አይሠራም። ከመግዛታችሁ በፊት የምታምኑት መካኒክ ከሥር ይየው።

3. ቀበቶ፦ የማስጠንቀቂያውን ድምፅ ለማጥፋት ቀበቶውን ከጀርባ አዙሮ መሰካት ራስን ማታለል ነው። ኤርባግ የተሠራው ቀበቶ ላሰረ ሰው ነው። ከኋላ የተቀመጠም ይሰር፤ ካላሰረ በግጭት ጊዜ ከፊት ያለውን ሰው ሊገድል ይችላል።

4. ሕፃን፦ ታቅፎ ከፊት መቀመጥ አደገኛ ነው። እጃችሁ በግጭት ኃይል አይዘውም፤ ኤርባጉም በመካከላችሁ ሳይሆን በሕፃኑ ላይ ነው የሚፈነዳው።

ግሮዣን ያን ቀን መኪናው ተሰባብሮ ከጥቅም ውጭ ሆነ፤ እሱ ግን ወደ ልጆቹ ተመለሰ። ስለዚህ ሌላ ጊዜ «ቆርቆሮ ነው» የሚል ስትሰሙ አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ ውስጥ የነበሩት ሰዎች እንዴት ናቸው?

እናንተ የምትሳፈሩበት መኪና የኋላ ቀበቶ ይሠራል? ዛሬ አይታችሁ ኮሜንት ላይ ንገሩን።