የጎመን መደብ ዘበኛዋ ጥንዚዛ

ጎመን ቅጠል ጀርባ ላይ ጥቁር ግራጫ፣ ጎኗ ብርቱካንማ ነጥብ ያለበት፣ ስድስት እግር ያላት ትንሽ አዞ መሳይ ነገር ያየ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በአውራ ጣቱ ይጨፈልቃታል። ጎመኑን የምትበላ ትል መስላው ነው። የገደላት ግን ልጆች ከእጃቸው ላይ «እፍ» ብለው የሚያበሯት የዚያች ነጠብጣባም ቀይ ጥንዚዛ እጭ ናት። እናትና ልጅ በመልክ አይገናኙም፤ ምግባቸው ግን አንድ ነው፤ ክሽክሽ።

የጎመን ክሽክሽ አመዳማ ሰም ለብሳ ከቅጠሉ ስር ትከማችና ጭማቂውን ትመጣለች። በተለይ በበጋ ትበረታለች። ለመራባት ወንድ አትጠብቅም፤ እንቁላልም ሳትጥል ሴት ልጆቿን በሕይወት ትወልዳለች፤ እነሱም ሳምንት አልፏቸው ጥቂት ቀን ሲጨምሩ ራሳቸው ይወልዳሉ። ጥንዚዛዋ በበኩሏ ሾጠጥ ያሉ ቢጫ እንቁላሎቿን ክሽክሽ ባለበት ቅጠል ጀርባ ላይ አቁማ ትደረድራለች። እጯ እስክታድግ በመቶዎች የሚቆጠሩ ክሽክሾችን ትጨርሳለች፤ ያደገችውም በቀን እስከ 50 ትበላለች።

ችግሩ ጥንዚዛዋ ከእንቁላል ተነስታ ለአካለ መጠን እስክትደርስ ወር ገደማ ይፈጅባታል። ማላታይን የተባለው ፀረ ተባይ የተረጨ ዕለት ሁለቱም ያልቃሉ፤ ከተረፉት ጥቂት ክሽክሾች ግን በሳምንታት ውስጥ መንጋ ይወጣል። ጥንዚዛዋ የምትበላው ስታጣ ወደሌላ ቦታ ትሄዳለች፤ እስክትመለስ ባለጓሮው ዳግመኛ ይረጫል። ክሽክሽ ጨርሶ የሌለበት ጓሮ ጥንዚዛም የሌለበት ጓሮ ነው። ጎመኑ ሲወረር ያየ ሰው «ጥቂት ተዉላት» ቢሉት አይሰማም፤ አይፈረድበትምም።

የጥንዚዛ ዝና በዓለም የተሰማው ከካሊፎርኒያ ነው። ከአውስትራሊያ የገባ፣ ጥጥ መሳይ ነጭ ከረጢት የሚሸከም ጭማቂ መጣጭ ተባይ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ የብርቱካን እርሻዎችን ሊያጠፋ ደርሶ ነበር። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት በ1888 ባለሙያውን አልበርት ኮቤሌን ወደ ተባዩ አገር ላከው። ኮቤሌ እዚያ ተባዩን የምትበላ ሮዶሊያ የተባለች ትንሽ ጥንዚዛ አገኘና በመርከብ ሰደደ። መጀመሪያ የደረሱት 129 ብቻ ነበሩ፤ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ድንኳን በተተከለበት አንድ ብርቱካን ዛፍ ላይ ተለቀቁ። በ1889 መጨረሻ እርሻዎቹ ድነው ነበር። በ1940ዎቹ ደግሞ ዲዲቲ በተረጨባቸው አካባቢዎች ጥንዚዛዋ አለቀችና ያው ተባይ ተመልሶ መጣ።

ለጓሮ ጎመን ግን ከባሕር ማዶ የሚመጣ ነገር የለም፤ ጥንዚዛዋ እዚሁ አለች። ድንብላሉንና እንስላሉን ሁሉ ከመቅጠፍ ጥቂቱን እንዲያብብ መተው ነው። አበባው ክሽክሽ ባነሰ ጊዜ ስንቅ ይሆናታል፤ ጥቃቅን ተርቦችንም ይጠራል። ተርቧ እንቁላሏን ክሽክሿ ሆድ ውስጥ ስለምትጥል ክሽክሿ አብጣ፣ ቡናማ ሆና፣ ቅጠሉ ላይ ደርቃ ትቀራለች። እንዲህ ያሉትን አታርግፏቸው፤ ከውስጣቸው ሌላ ተርብ ይወጣል። በጣም የተወረረውን ቅጠል ቀጥፎ መጣል ወይም በውሃ ማጠብ ይበቃል። ጉንዳን ከታየ ግን መከልከል አለበት፤ አንዳንድ የክሽክሽ ዓይነቶች የሚያወጡትን ጣፋጭ ፈሳሽ ስለሚወድ ጥንዚዛዋን ያባርርባችኋል።

ነጠብጣብ ያለባት ሁሉ ደግሞ ወዳጅ አይደለችም። በአገራችን ገብስና ጤፍ ላይ የምትታወቀው ኤፒላክና የቅርብ ዘመዷ ናት፤ የምትበላው ግን ቅጠል ነው። ገላዋ በጥቃቅን ፀጉር ስለተሸፈነ አያብለጨልጭም፤ እጯም እሾሃማ ናት። ክሽክሽ ሳይኖር የቅጠሉ አረንጓዴ ተፍቆ ስስ ሽፋኑ ብቻ ከቀረ የእሷ ሥራ ነው፤ በእጅ ለቅሞ ማስወገድ ይቻላል።