ክሮቼራ ሲያልቅ

ገበሬዎች ሆይ! እህል ጭኖ የኮተቤን ዳገት የሚወጣ አሮጌ ላንድሮቨር ሲነሳ «ቋ» ካለ፣ ሲፈጥንም ከሥሩ ከተንቀጠቀጠ፣ ክሮቼራውን ጠርጥሩ።

ክሮቼራ ባለ 4 ክንድ የብረት መስቀል ነው። ከካምቢዮ ወደ ኋላ ጎማ ኃይል የሚወስደው ዘንግ በሁለት ጫፉ እንደ ጉልበት የሚተጣጠፈው በእሱ ነው። ግራሶ ሲያጣ ይበላል፤ ሲሰበር ዘንጉ ይወድቃል።

ከመፍታታችሁ በፊት አስተውሉ! የዚህ መኪና የእጅ ፍሬን የሚይዘው ይህንኑ ዘንግ ነው። ዘንጉ ሲወልቅ የእጅ ፍሬኑ ሥራ የለውም፤ ተዳፋት ላይ ከሆነ መኪናው ተንሸራቶ ከሥሩ የተኛውን ሰው ይጨፈልቃል። ስለዚህ ሜዳ ላይ አቁሙት፤ ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በታኮ ያዙ።

ሳትፈቱት ምልክት አድርጉበት፤ እንደነበረ ካልተገጠመ ይንቀጠቀጣል። ይህን ማንበብ ለማይችል ረዳት አንብቡለት፤ ከመኪናው ሥር የሚገባው እሱ ነው።