ነርስ የሚያስተምር ወቅፍ



መድኃኒት ቤት የሚሠራ ሰው ብዙ ነገር ይሰማል። እኔ በምሠራበት በቦሌ አካባቢ እናቶች ማዘዣ ሳይዙ መጥተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ስለ ማሕፀን ሕመም ወይም ስለ ጡት እብጠት ይጠይቁኛል። «እማማ፣ ለምን ሐኪም ቤት አልሄዱም?» ስላቸው ብዙ ጊዜ የሚመልሱልኝ «ሴት ሐኪም አጣሁ» ብለው ነው። ሴት ባለሙያ ካልተገኘች ለሕክምና ሲባል ወንድ ሐኪም ዘንድ መታየት እንደሚፈቀድ ዑለማኦች ያስተምራሉ፤ ስለዚህ እብጠት ያየች እህት አንድ ቀንም አትዘግይ። ቢሆንም ሴት ባለሙያ ትኑርልን ማለት ተገቢ ጥያቄ ነው። ባለሙያ የሚገኘው ደግሞ በማስተማር ነው። የማስተማሪያው ገንዘብ ከየት ይምጣ?

ሰይዲና ዑመር (ረ.ዐ) በኸይበር መሬት ባገኙ ጊዜ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) አማከሩ። የተመከሩትም ዋናውን ይዘው ፍሬውን እንዲሰጡ ነው። መሬቱ አይሸጥም፣ አይወረስም፤ ምርቱ ግን ለድሃው፣ ለመንገደኛው ይውላል። ወቅፍ ማለት ይህ ነው። ሶደቃ ዛሬ ተሰጥቶ ዛሬ ያልቃል፤ ወቅፍ ግን በየዓመቱ ያፈራል።

ቀደምቶቻችን ይህን ለሕክምና ትምህርት ተጠቅመውበታል። ሱልጣን ቀላውን እ.ኤ.አ. በ1284 ካይሮ ላይ ያሠሩት የመንሱሪ ሆስፒታል በወቅፍ የሚተዳደር ሲሆን ሕክምናም ይሰጥበት ነበር። ደም ከልብ ወደ ሳንባ ሄዶ እንደሚመለስ ቀድመው የጻፉት ሐኪሙ ኢብኑ ነፊስ በ1288 ሲሞቱ ቤታቸውንና መጻሕፍታቸውን ለዚሁ ሆስፒታል ተዉ።

ለእኛ ሙያ የሚቀርበው ግን የሕንዱ ሐምደርድ ነው። በ1906 ዴልሂ ውስጥ የተከፈተ ትንሽ የባህል መድኃኒት ቤት ነበር። ሩህ አፍዛ የተባለው የረመዳን ሸርበት የእሱ ምርት ነው። (ስኳሩ ብዙ ነውና የስኳር ሕመምተኞች ተጠንቀቁ!) የመሥራቹ ልጅ ሐኪም ዐብዱልሐሚድ በ1948 ድርጅቱን ወቅፍ አደረጉት። ከትርፉም በ1989 ዩኒቨርሲቲ ለመሆን የበቃው ጃሚዓ ሐምደርድ ተገነባ። ዛሬ ፋርማሲም ነርስነትም ያስተምራል። የነርሶቹ ኮሌጅ የተሰየመው በሩፈይዳ (ረ.ዐ) ነው፤ በኸንደቅ ዘመቻ የቆሰሉትን በመዲና መስጂድ በተተከለው ድንኳን ያከሙት ሶሐቢይ ናቸው።

ሩቅ ሳንሄድ ገርጂን እንመልከት። ብዙዎቻችን የምንታከምበት «ኮሪያ ሆስፒታል» እ.ኤ.አ. በ2004 የተከፈተው ሴኡል ባለች አንዲት ቤተ ክርስቲያን ስጦታ ነው። በ2012 ደግሞ የሕክምና ኮሌጅ ጀመረ። ወቅፍ ባይባልም፣ የአንድ ምእመን ስብስብ ምን መሥራት እንደሚችል በሰፈራችን ቆሞ ያሳየናል። እኛ መስጂድ እንሠራለን፣ ጉድጓድ እናስቆፍራለን፤ አልሐምዱሊላህ። የመስጂዱ ምንጣፍም ሳያረጅ ይቀየራል። ለነርስ ተማሪ ግን እስካሁን ብዙ አላሰብንም።

በአገራችን ችግሩ ምን ይወቀፍ የሚለው ነው። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ በ1967 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 47ም የግለሰቡንም የድርጅቱንም ትርፍ ቤት ወርሷል። ሽማግሌዎች ለወቅፍ እጃቸው የሚፈራው በከንቱ አይደለም። ዛሬ ግን ሁኔታው ተለውጧል። በ2011 ዓ.ም የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 «የበጎ አድራጎት ኢንዶውመንት» የሚባል አደረጃጀት ይፈቅዳል፤ ይህም ሀብትን ለዘለቄታው፣ ላይመለስ፣ ለበጎ ሥራ መመደብ ነው። የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤትም በ2012 ዓ.ም በአዋጅ የሕግ ሰውነት አግኝቷል። ሕንፃ ወይም ሱቅ ያለው ኪራዩን፣ ከወለድ ነፃ ባንክ አክሲዮን ያለው የትርፍ ድርሻውን ማዋል ይችላል። በኑዛዜ ከሆነ ከንብረቱ ሲሶ እንዳያልፍ።

ጀማዓው ይህን ለመጀመር ከተነሳ ሦስት ነገር በጽሑፍ ይስፈር፦ ናዚሩ ማን እንደሆነ፣ ሒሳቡን በየዓመቱ ማን እንደሚመረምር፣ ተማሪዋ በምን መስፈርት እንደምትመረጥ። ወጪው ሲሰላም የኮሌጁ ክፍያ ብቻ አይታሰብ። ጋወን አለ፣ መጽሐፍ አለ፣ የብቃት ማረጋገጫ ፈተና አለ። ከአያት ወይም ከሰሚት ተነስታ ለሌሊት ተረኛ ልምምድ የምትሄድ ልጅ የመጓጓዣ ገንዘብ ካልተያዘላት፣ ክፍያው ተሟልቶላትም ትምህርቱን ልታቋርጥ ትችላለች።