የአያቶቻችን ገድ በማን ደብተር ይጻፍ?

ፀሐይ ወጥታ እያለች ዝናብ ሲጥል ልጆቻችሁ ምን ይላሉ? እኛ በልጅነታችን «ጅብ ወለደች!» እያልን ደጅ ወጥተን እንጨፍር ነበር። ባለፈው ክረምት በሰፈራችን እንዲህ ያለ ዝናብ ሲጥል አጠገቤ የነበሩትን ልጆች ጠየቅኳቸው። አንደኛው ብርሃን በውሃ ጠብታ ውስጥ ሲያልፍ ቀስተ ደመና እንደሚወጣ አስረዳኝ። ጎሽ አልኩት፤ ትምህርት ቤት የተማረውን ነው የነገረኝ። ጅቧን ግን አንዳቸውም አያውቋትም። ቀስተ ደመናውን «የማርያም መቀነት» ስላቸውም እርስ በርስ ተያይተው ሳቁ።

ልጆቹ አላጠፉም። ያልነገርናቸውን ከየት ያምጡት?

እኔ ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ፤ የምኖረው ሞጆ ነው። ከ30 ዓመት በላይ ሕፃን ስመዝን፣ ስከትብና ሳዋልድ፣ ከእናትየዋ ኋላ ነጠላዋን አጣፍታ የምትቀመጠውን አያት ስሰማ ኖሬያለሁ። ሕመሙ መቼ እንደጀመረ እናትየዋ ትናገራለች፤ ምን እንዳመጣው ግን ቤት ውስጥ አስቀድማ የወሰነችው አያትየዋ ናት። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሰማሁትን፣ ያልሰማሁትንም እየዞርኩ እየጠየቅኩ ባለ 50 ሉክ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። አሁን ሦስተኛው ደብተር ላይ ነኝ።

ሞጆ ለዚህ ሥራ የምትመች ከተማ ናት። ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የገባው በእኛ በኩል አልፎ ነው፤ ወደ አዳማና ወደ ሐዋሳ የሚሄደው መኪናም የሚለያየው እዚሁ ነው። ሐዲዱና መንገዱ ያመጣው ሰው ከሉሜ ገበሬ ጋር ተጎራብቶ ስለኖረ፣ በአንድ ግቢ ውስጥ ኦሮሞዋ አኮ፣ ከመንዝ የመጡት እማማና የጉራጌዋ እትዬ አንድ ጀበና ከበው ልጅ አሳድገዋል። ስለዚህ አንድ ነገር ስጠይቅ ሦስት መልስ አገኛለሁ፤ ሦስቱንም እጽፋለሁ።

በብዛት የማገኘው ገድ ነው። ወጣቶቹ ቃሉን የሚያውቁት «ገደ ቢስ» በሚለው ስድብ ብቻ ይመስለኛል። ለአያቶቻችን ግን ውሎው እንዴት እንደሚሆን የሚታወቀው በገድ ነበር። መዳፍ ሲበላ ገንዘብ ይመጣል። ዓይን ሲርገበገብ ወይ እንግዳ ወይ ለቅሶ አለ፤ የትኛው ዓይን ለየትኛው እንደሆነ ግን ሁለት አሮጊቶች እኔ ፊት ተከራክረው ሳይስማሙ ተለያይተዋል። ጠዋት ሲወጡ «በቀኝ አውለኝ» ይባላል። መንገድ የጀመረ ሰው ከኋላው አይጠራም። ጉጉት ጣራ ላይ ከጮኸች የታመመ ሰው ያለበት ቤት ሁሉ ይደነግጣል። ሲመሽ አይፏጭም፣ እባብ ይጠራል፤ ጥፍርም አይቆረጥም። ማታ ቤት ተጠርጎ ጥራጊው ወደ ውጭ አይጣልም፣ በረከት አብሮ ይወጣል። የፈላ ውሃና አመድ በጨለማ ዝም ተብሎ አይደፋም፤ የማይታዩት ላይ እንዳይፈስ «በስመ አብ» ይባላል። የተኛ ልጅ የተሻገረ ሰው ተመልሶ ይሻገራል፣ አለዚያ ልጁ አያድግም። የወለቀ የወተት ጥርስ ወደ ጣራ ይወረወራል።

የጥራጊው ነገር የገባኝ በኩራዝ ያደግሁ ስለሆንኩ ነው። በዚያ ብርሃን የሚጠርግ ሰው የወደቀ ሳንቲምም የጆሮ ጉትቻም አብሮ ይጠርጋል። ይህ የራሴ ግምት ነው። ሁሉንም ነገር በሳይንስ ካላስረዳሁ የሚል ሰው ግን አልወድም። አንዳንዱ ልጅን ሳይመሽ ቤት ለማስገባት የተባለ ነው፣ አንዳንዱን ደግሞ ለምን እንደተባለ ተናጋሪዋም አታውቀውም። እንዳለ መጻፍ ነው።

ወሊድ ላይ ስደርስ ግን ነርስነቴ ዝም አይልም። አራስ ብቻዋን አትተውም፤ ከትራሷ ሥር ቢላዋ ወይም ሌላ ብረት ይደረጋል። አንዲት እማማ «ሲስተር፣ ለሽንት እንኳ ስትወጣ ብረቷን ይዛ ነው፤ ሰይጣን ብረት ይፈራል» ብለውኛል። የወለደች ሴት ብዙ ደም የመፍሰሱ ትልቁ አደጋ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ ነው። ስለዚህ ሰይጣኑን ትተነው እንኳ፣ አጠገቧ ሰው መቀመጡን እወደዋለሁ። ሕፃኑን «እንዴት ያምራል» ያለ ሰው «እንትፍ እንትፍ» ማለት አለበት። ለወንድ ልጅ እልልታው ይበዛል፣ ለሴት ያንሳል፤ ቁጥሩ ከቤት ቤት ይለያያል፤ ማነሱ ግን አይለያይም። (ይህንን ስጽፍ እጄ ትንሽ ከበድ ይለኛል።) ነፍሰ ጡር ሆዷ ገፍቶ እስኪታይ ድረስ አትናገርም፣ ለልጁም አስቀድሞ ልብስ አይገዛም። ይህኛው ክትትልን ስለሚያዘገይ ጉዳት አለው። ለጎረቤት ባትናገርም ለጤና ጣቢያ ቶሎ ትንገር እላለሁ።

«እትብቴ የተቀበረበት አገር» ስንል የምንናገረው በእርግጥ ይደረግ የነበረ ነገር ነው። ልጅ ቤት ሲወለድ እትብቱ ጓሮ ይቀበራል። አንዲት አኮ የአምስት ልጆቻቸውን እትብት የቀበሩበትን ቦታ በጣታቸው አሳይተውኛል፤ ዛሬ በጎረቤት አጥር ውስጥ ገብቷል። ከአምስቱ አንዱም ቦታውን ጠይቋቸው አያውቅም ነበር።

ሽማግሌዎች ያሉትን ሁሉ «ተረት ነው» ብሎ ማለፍ የማይገባው በሌላም ምክንያት ነው። በእኛ በቆላው በኩል አገዳ የበላ ልጅ ወባ ይይዘዋል ሲባል ሰምቼ አድጌያለሁ። ወባ ከአገዳ አትመጣም። ነገር ግን የበቆሎው አገዳ የሚደርሰው ክረምቱ ሲወጣ፣ በመስከረምና በጥቅምት ነው፤ ያቆረው ውሃ ላይ ትንኟ የምትራባውም በዚያው ሰሞን ነው። አባቶቻችን ወቅቱን በደንብ አይተውታል፤ ትንኟን ነው ያላዩዋት። ምችም እንደዚያው ነው። «ትኩስ በልተህ ፀሐይ ላይ አትውጣ፣ ምች ይመታሃል» ይባላል፤ ትኩሳትና የከንፈር ቁስል ሲመጣ ዳማከሴ ታሽቶ ይሸተታል፣ ጭማቂው በቡና ይጠጣል። የከንፈሩን ቁስል የሚያመጣው ሰውነት ውስጥ ተደብቆ የሚቆይ ቫይረስ ነው፤ የሚቀሰቅሱት ግን ከሌሎች ነገሮች ጋር ፀሐይና ትኩሳት ናቸው። በፀሐይዋ ነገር አያቴ አልተሳሳተችም።

አሁን ወደሚያስፈራው ልምጣ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ጎረቤቴ የልጅ ልጃቸውን ሁለት ቀን ሙሉ ሲያስቀምጠውና ሲያስመልሰው ለእኔ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ቡና ጠርተውኝ ስገባ ልጁን አየሁት፤ ዓይኑ ጎድጉዷል፣ ሲያለቅስ እንባ የለውም። ለምን ጤና ጣቢያ እንዳልወሰዱት መጠየቁን ትቼ «እማማ፣ እርስዎ ምንድነው ይላሉ?» አልኳቸው። ዝም አሉ። ቆይተው፣ «አንቺ ትስቂያለሽ እንጂ ግግ ነው። ማታ የሚያወጣለት ሰው ይመጣል» አሉኝ።

ግግ የሚሉት ገና ያልበቀለ፣ ድድ ውስጥ ያለ ጥርስ ነው። ተቅማጥና ትውከት ያመጣል ተብሎ ድዱ በስለት ተወግቶ ይወጣል፤ ሕፃኑ ይደማል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ በዚያው ያለፈም አለ። አልሳቅሁም። ለእሳቸው በልጅነታቸው ወጥቶላቸው እንደሆነ ጠየቅኳቸው፤ ማን እንዳወጣው፣ እናታቸው እንዴት እንዳለቀሱ ሁሉ ነገሩኝ። ሲጨርሱ ልጁን አሁን የሚገድለው የውሃው ማለቅ እንጂ ጥርሱ እንዳልሆነ አስረዳኋቸው። የደረቀ አፉን አሳየኋቸው፣ የሆዱን ቆዳ ቆንጥጬ ቶሎ እንደማይመለስ እንዲያዩ አደረግሁ። አብረን ጤና ጣቢያ ሄድን። ኦአርኤሱን በማንኪያ በማንኪያ ስንሰጠው ውለን ማታ ላይ ሸና። ሰውየው ሲመጣ ቤቱ ዝግ ነበር።

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ እናቶችንና ሕፃናትን የሚጎዱ ልማዳዊ ድርጊቶችን በወንጀል ያስቀጣል፤ ተገቢ ነው። ሕግ ድርጊቱን ሊከለክል ይችላል፣ እምነቱ ግን ከቡናው ላይ ወደ ጓዳ ገባ እንጂ አልጠፋም። ጓዳ የገባውን አያት ካልተናገረችው የልጁ እናትም ነርሷም አይደርሱበትም። ስለዚህ ግግን፣ እንጥል መቁረጥን፣ የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው ክብሪት ማሽተትን ጭምር እጽፋለሁ፤ እነዚህን በቀይ እስክሪብቶ፣ ከጎናቸውም መደረግ ያለበትን። ለምሳሌ የሚጥለው ሰው ክብሪት አያስፈልገውም፤ ከእሳትና ከስለት አርቃችሁ በጎኑ አስተኙት፣ አፉ ውስጥ ምንም አታስገቡ፣ መንቀጥቀጡ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ሐኪም ውሰዱት።

ሌላው ቀይ ገጽ ቡዳ ነው። በአገራችን ብዙ ቦታ ሸክላ ሠሪው፣ ቀጥቃጩና ቆዳ ፋቂው ቡዳ ተብለው ይፈሩ ነበር፤ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ይባል ነበር። ሞጆ ደግሞ የቆዳ ፋብሪካ ከተማ ናት። ዛሬ እዚህ በቆዳ ሥራ ልጁን ያስተማረ ስንት ሰው አለ! ስለ ቡዳ ስጠይቅ አንድ አዛውንት፣ አያታቸው ፋቂ እንደነበሩ፣ እሳቸውም በልጅነታቸው ሰው ቤት ሲገቡ ሕፃን ቶሎ ይሸፈን እንደነበር ነገሩኝ። ይጻፍ ወይስ ይቅር ብዬ ጠየቅኳቸው። «የእናንተ አያቶች ያሉትን የምትጽፊ ከሆነ፣ የእኔ አያት ያዩትንም ጻፊ» አሉኝ። ሁለት ገጽ ሞልቷል። ይህን ገጽ «አሳፋሪ ነው» ብለን ብንዘለው የምንደብቀው የራሳችንን ጥፋት ነው።

እንዲህ ያለውን ነገር በአገር ደረጃ ያደረጉት አየርላንዶች ናቸው። በ1937 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ የፎክሎር ኮሚሽን በ5,000 ያህል አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚማሩ ልጆች ከወላጆቻቸው፣ ከአያቶቻቸውና ከጎረቤቶቻቸው የሰሙትን በደብተር እንዲጽፉ አደረገ። የቤት ውስጥ መድኃኒቱ፣ የአየር ጠባይ ምልክቱ፣ ገዱ፣ መናፍስቱ ሁሉ ከ50 በላይ ርዕስ ተሰጥቶት፣ ወደ 50,000 ልጆች እስከ 1939 ድረስ ጻፉ። ደብተሮቹ ዛሬ ደብሊን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተቀምጠዋል፤ ማንም ሰው በኢንተርኔት የራሱን አያት የእጅ ጽሑፍ ፈልጎ ያነባል። በዚያ አገር ለብቻው የቆመ የእሾህ ዛፍ የመናፍስት ነው፣ የቆረጠው ሰው አይበጀውም ይባላል። በ1999 በክሌር አውራጃ አውራ ጎዳና ሲሠራ ኤዲ ሌኒሃን የተባለ ተረት ነጋሪ ለአንዲት እንዲህ ያለች ዛፍ ተሟግቶላት፣ ዛፏ ሳትቆረጥ ቀርታለች። ይህን ሳነብ ግንቦት ልደታ ቡናና ንፍሮ ይዘን የምንቀመጥባቸው የአድባር ዛፎች ትዝ አሉኝ። ስንቶቹ ዋርካዎች ለመንገድ ሲቆረጡ የተሟገተላቸው አልነበረም።

እኛም ጀማሪ አይደለንም። በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ስድስት ኪሎ ያለው ሙዚየሙ የሕዝቡን ባህል ከልደት እስከ ሞት ባለው ቅደም ተከተል ያሳያል፤ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ብትሄዱ አትቆጩም። ነገር ግን ሙዚየም የእያንዳንዳችንን ጓዳ አያንኳኳም። የእናንተን አያት መጠየቅ ያለበት የእናንተ ልጅ ነው።

አጠያየቁ ራሱ ብልሃት ይፈልጋል። «ምን ያምናሉ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ፈተና ይመስላቸዋል። «እናትዎ ምን ይሉ ነበር?» ሲባሉ ግን ይከፈታሉ። ከአቦል በፊት አትጀምሩ። እጃቸው ሥራ ቢይዝ፣ ምስር ቢለቅሙ ይመረጣል። ስለ አቴቴ ወይም ስለ ጨሌ ስትጠይቁ «ትቼዋለሁ፣ ሃይማኖቴ አይፈቅድም» የሚሉ አሉ፤ አክብሩላቸው፣ አትጫኗቸው። አንዳንዴ በሳምንቱ ራሳቸው ጠርተው ይነግሯችኋል። በኦሮምኛ የነገሯችሁን በኦሮምኛው ጻፉት፤ ወደ አማርኛ ሲገለበጥ ግማሹ ይቀራል። አያት አጠፋች ብላችሁ አታርሟት፣ ልጁም እንዳይስቅ አስቀድማችሁ ንገሩት። ተናጋሪው ካልፈቀደ ስሙ አይጻፍ፤ ዕድሜው፣ ያደገበት ቀበሌና ቀኑ ይበቃል። በስልክ ብትቀዱም ወደ ወረቀት ገልብጡት፣ ስልክ ይጠፋል። ደብተሩንም ከልጁ የልደት የምስክር ወረቀትና ከክትባት ካርዱ ጋር አንድ ላይ አስቀምጡት።