ስልካችን ምን፣ መቼና እንዴት ይንገረን?

ከእንጦጦ ተራሮች የሚወርደው የቀበና ወንዝ በክረምት ሲሞላ፣ በዳርቻው ለሚኖሩ ሰዎች እያንዳንዷ ደቂቃ ብርቱ ዋጋ አላት። አንድ የስልክ ፕሮግራም የጎርፍ ማስጠንቀቂያንና የሸቀጥ ማስታወቂያን በአንድ ዓይነት የጥሪ ድምፅ ያስተላልፋል እንበል። ተጠቃሚው በማስታወቂያው ብዛት ተሰላችቶ ድምፁን ያጠፋዋል፤ ሕይወት ሊያተርፍ የሚችለውም ማስጠንቀቂያ አብሮ ይጠፋል። ለመሆኑ ጥፋቱ የማን ነው? የተጠቃሚው ሳይሆን፣ ሁለቱን ጉዳዮች በአንድ ማብሪያና ማጥፊያ ያሰረው ሰው ነው።

የመጀመሪያው መፍትሔ መለየት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው አንድሮይድ 8፣ ለእርሱ የሚዘጋጁ ፕሮግራሞች መልእክቶቻቸውን በየዘርፉ እንዲከፋፍሉ አስገደደ። በመሆኑም ተጠቃሚው አንዱን ዘርፍ ዘግቶ ሌላውን ክፍት መተው ቻለ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው አንድሮይድ 13 ደግሞ አዲስ የተጫነ ፕሮግራም መልእክት ከማሳየቱ በፊት ፈቃድ እንዲጠይቅ አደረገ።

ይሁን እንጂ መከፋፈል ብቻውን አይበቃም፤ የቃላቱም አመራረጥ ጥንቃቄ ይሻል። በአማርኛ «ፍቀድ» ብሎ የሚያዝ ጽሑፍ ሴቷንም አዛውንቱንም ይዘነጋል፤ «ይፍቀዱ» ወይም «መፍቀድ» ቢባል ግን ሁሉንም ያስተናግዳል። «መልእክት አይላክ» ከሚል ዐረፍተ ነገር ሥር «አዎ» እና «አይ» ቢቀመጡስ? «አዎ» ማለት ይላክ ነው ወይስ አይላክ? ስለዚህ ዐረፍተ ነገሩ በአዎንታ መጻፍ አለበት።

የሰዓት አቆጣጠራችንም ሌላው ፈተና ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ጸጥታ የሚፈልግ ሰው፣ ከእኩለ ሌሊት በሚቆጥር ስልክ ላይ «ከ4 እስከ 12» ብሎ ቢሞላ፣ ስልኩ ዝም የሚለው ከሌሊቱ 10 ሰዓት እስከ ቀትር ይሆናል። ምሽቱን ሲጮኽ ያመሻል፤ ረፋዱን ግን አስፈላጊውን ጥሪ ይውጣል። ስለሆነም ከቁጥሩ ጎን «ምሽት»፣ «ሌሊት»፣ «ጠዋት» የሚሉት ቃላት መታየት አለባቸው።

በመጨረሻም የቦታ ጥበት አለ። አንድ አጭር የጽሑፍ መልእክት በእንግሊዝኛ ፊደላት እስከ 160 ምልክቶች ሲይዝ፣ በግእዝ ፊደል የሚይዘው 70 ብቻ ነው። በመሆኑም አደጋው ይቅደም፤ ቦታው ይከተል፤ የሚደረገው ነገር ይጨመር፦ «ጎርፍ! ቀበና ወንዝ ዳር ያላችሁ አሁኑኑ ወደ ከፍታ ውጡ።»

ነገ ሶፍትዌር የምትሠሩ ተማሪዎች፣ ሥራችሁን ከማሰራጨታችሁ በፊት ለማያውቀው ሰው አሳይታችሁ «ይህን ቢነኩ ምን የሚሆን ይመስልዎታል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ከተሳሳተ መታረም ያለበት ጽሑፉ እንጂ ሰውዬው አይደለም።