ከአምባ ወደ አዳራሽ፦ የሥልጣን ተቀናቃኝነትና በአረንጓዴው ሳሎን የተተኮሰው ጥይት



የዛሬው ንግግሬ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በታገቱ ሹማምንት ላይ የተፈጸመውን ግድያ ይመለከታል። መነሻዬን ግን ከአዲስ አበባ ሳይሆን ከአምባሰል፣ ከግሸን አደርጋለሁ። ግድያው ለምን በዚያ ክፍል ውስጥ እንደ ተፈጸመ ለመረዳት፣ ተቀናቃኝ ቀድሞ የት ይቀመጥ እንደ ነበረ ማወቅ ይጠቅማል።

ግሸንን አብዛኞቻችን የምናውቃት በግማደ መስቀሉና መስከረም 21 ቀን በሚከበረው የእመቤታችን በዓል ነው። አምባው በመስቀል ቅርጽ የተዘረጋ፣ ዙሪያውን ገደል ያጠረው ነው። ለጸሎት የተመቸው ይህ ሥፍራ ለእስርም ተመችቶ ነበር። በመካከለኛው ዘመን ነገሥታት ለዙፋን ሊታጩ የሚችሉ ወንዶች ዘመዶቻቸውን በዚያ ያኖሩ ነበር። ንጉሡ ሲሞት መኳንንቱ ከመካከላቸው አንዱን አውርደው ሊያነግሡ ይችላሉ፤ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብም ዐፄ ናዖድም ከአምባ ወርደው የነገሡ ናቸው። በ1510ዎቹ አገራችንን የጎበኘው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የጥበቃውን ጥብቅነት በመገረም ጽፏል። ሥርዓቱ በግራኝ አሕመድ ዘመን፣ በ1532 ዓ.ም. ገደማ፣ አምባው ተይዞ በላዩ የነበሩት ሲፈጁ አከተመ። ኋላ የጎንደር ነገሥታት በወህኒ አምባ አድሰውታል፤ ዛሬ እስር ቤትን «ወህኒ» የምንለው ከዚያ የቀረ ስም መሆኑን ልብ ይሏል።

ያን ሥርዓት ላወድስ አልተነሣሁም። በደል ሳይሠራ በትውልዱ ብቻ ዕድሜ ልኩን የታሰረ ሰው ሥቃይ በምንም አይካስም። ቢሆንም ለአንድ እውነተኛ ችግር የተበጀ መልስ ነበር፤ ተቀናቃኙን ከንጉሡ አዳራሽ አራቀ፣ በሕይወት አቆየ፣ ጊዜውም ሲደርስ የሚጠራበትን መንገድ ተወለት። ዘመናዊው መንግሥት አምባውን ሲተው በምትኩ ምን አኖረ?

በ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አልጋ ወራሽነትን በንጉሠ ነገሥቱ ትውልድ አጽንቶ ደነገገ። የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትም በ1949 ዓ.ም. በሕዝብ ተመረጡ። ሚኒስትሮች ግን የሚሾሙትና የሚሻሩት በንጉሠ ነገሥቱ፣ ተጠሪነታቸውም ለንጉሠ ነገሥቱ ብቻ ነበር። ስለዚህ አልጋውን ማን እንደሚወርስ የታወቀ ሲሆን፣ አስተዳደሩ እንዲለወጥ የሚሻ ሰው ግን ጥያቄውን የሚያቀርብበት በር አልነበረውም።

ገርማሜ ንዋይ ይህን በሚገባ ያውቅ ነበር። በአሜሪካ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የተማረው ይህ ሰው በወላይታ፣ ቀጥሎም በጅጅጋ አገረ ገዥ ሆኖ ሠርቷል። ወንድሙ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ የክቡር ዘበኛ አዛዥ ነበሩ። ከእነርሱ ጋር የጸጥታው ሹም ኮሎኔል ወርቅነህ ገበየሁና የፖሊስ ሠራዊት አዛዡ ብርጋዴር ጄኔራል ጽጌ ዲቡ ተባበሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ለጉብኝት ብራዚል ሳሉ፣ ታኅሣሥ 4 ቀን ማታ፣ ሹማምንቱ «እቴጌ መነን ታመዋል» ተብለው እየተጠሩ ታገቱ። በማግስቱ አልጋ ወራሹ በራዲዮ የአዲሱን መንግሥት መግለጫ አነበቡ። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎችም ለድጋፍ ሰልፍ ወጡ።

እዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ። መፈንቅለ መንግሥት አድራጊዎቹ በመጀመሪያ የያዙት ሰው ነበር። ይህ ከሥርዓቱ ባሕርይ የመጣ ነው። ሥልጣን በመሥሪያ ቤት ሳይሆን በሰው ላይ ባረፈበት አገር መንግሥትን መያዝ ማለት ሰዎቹን መያዝ ነው። ታጋቾቹም ከመያዣነት ያለፈ ትርጉም ነበራቸው፤ የመንግሥቱ አካል እነርሱው ነበሩ። ሜጀር ጄኔራል መርዕድ መንገሻና ጄኔራል ከበደ ገብሬ ምድር ጦሩን አሰልፈው፣ አየር ኃይሉም ከእነርሱ ጋር ሆኖ፣ አቡነ ባስልዮስ አድመኞቹን አውግዘው ውጊያው ሲጀመር ድርድሩ አበቃ። ታኅሣሥ 7 ቀን ጦሩ ወደ ገነተ ልዑል ሲገሠግሥ፣ በአረንጓዴው ሳሎን በተያዙት ላይ ተኩስ ተከፈተ። አሥራ አምስት ያህሉ ሞቱ።

ከሟቾቹ መካከል የአርበኞች መሪ የነበሩት ራስ አበበ አረጋይ፣ የትግራይ ገዥ ራስ ሥዩም መንገሻ፣ አቶ መኰንን ሀብተ ወልድ፣ ሜጀር ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊና አባ ሐና ጅማ ይገኙበታል። ድርጊቱን በበቀል ብቻ የሚተረጉሙ አሉ፤ ሌሎች ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ ሲመለሱ የሚደገፉበትን ምሰሶ አስቀድሞ መቁረጥ ነው ይላሉ። ለእኔ ሁለተኛው ይበልጥ ያሳምነኛል፤ ሙሉውን ግን አይገልጸውም። ጄኔራል ሙሉጌታ ክቡር ዘበኛን ራሳቸው ያዘዙ፣ በመኰንኖች ዘንድ የተወደዱ ሰው ነበሩ። እርሳቸውን መግደል ለሽምግልና የሚበቃውን ሰው ማጥፋት ነበር።

ንጉሠ ነገሥቱ በማግስቱ አዲስ አበባ ገቡ። ገርማሜ ከሳምንት በኋላ ሲከበብ ሞተ። መንግሥቱ ቆስለው ተያዙ፤ ተከሰው መጋቢት 21 ቀን 1953 ዓ.ም. በተክለ ሃይማኖት አደባባይ ተሰቀሉ። ቤተ መንግሥቱ ለዩኒቨርሲቲ ተሰጥቶ በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተመረቀ። የስድስት ኪሎ ተማሪ ሙዚየሙን ሊጎበኝ ሲገባ የሚረግጠው ይህንኑ ቤት ነው።

የተለወጠው ግን የቤቱ አገልግሎት እንጂ በሩ የተዘጋበት ሥርዓት አልነበረም። የሟቹ የአቶ መኰንን ወንድም አክሊሉ ሀብተ ወልድ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ፤ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ያለ ፍርድ ከረሸናቸው አንዱ እርሳቸው ናቸው። አድማውን ያከሸፉት ከበደ ገብሬም አብረው ተረሸኑ። ጥር 26 ቀን 1969 ዓ.ም. ደግሞ በታላቁ ቤተ መንግሥት የደርጉ ሊቀ መንበር ብርጋዴር ጄኔራል ተፈሪ በንቲ፣ ሻምበል ሞገስ ወልደ ሚካኤልና ሻምበል ዓለማየሁ ኃይሌ ከሌሎች ጋር ተይዘው ተገደሉ። ከገዳዮቹ ወገን የነበሩት ኮሎኔል ዳንኤል አስፋውና ዶክተር ሰናይ ልኬም በዚያው ዕለት በዚያው ግቢ በጥይት ወደቁ። ተቀናቃኝ ከአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ፣ በድምፅ ብልጫ የተሸነፈው ወገን በጠመንጃ ሲመልስ የሚሆነው ይህ ነው።

የሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. የባሕር ዳሩ ግድያ ከእነዚህ በአንድ ነገር ይለያል። የአማራ ክልል ርእሰ መስተዳድር ዶክተር አምባቸው መኰንን ከተሾሙ አራት ወር ሳይሞላቸው፣ በጽሕፈት ቤታቸው ስብሰባ ላይ ሳሉ ከአማካሪያቸው ከአቶ እዘዝ ዋሴ ጋር ተገደሉ፤ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ አቶ ምግባሩ ከበደ ከሁለት ቀን በኋላ በቁስሉ ሞቱ። በዚያው ምሽት አዲስ አበባ ላይ ጄኔራል ሰዓረ መኰንንና ጡረተኛው ሜጀር ጄኔራል ገዛኢ አበራ ተገደሉ። የፌዴራል መንግሥት የባሕር ዳሩን ድርጊት በክልል መንግሥት ላይ የተሞከረ መፈንቅለ መንግሥት ብሎ ጠርቶ፣ የክልሉን የጸጥታ ኃላፊ ብርጋዴር ጄኔራል አሳምነው ጽጌን ተጠያቂ አደረገ፤ እርሳቸውም ሰኔ 17 ቀን ተገደሉ። «በክልል ደረጃ መፈንቅለ መንግሥት ይባላልን?» ብለው ብዙዎች ተከራክረዋል። እኔ አነጋገሩ በሕግ ረገድ እንግዳ አይመስለኝም፤ ክልሉ የራሱ ሕገ መንግሥት፣ የራሱ ምክር ቤትና የራሱ ልዩ ኃይል ነበረውና። በ1953ና በ1969 ያልነበረው ነገርም ይኸው ምክር ቤት ነው። ሐምሌ 15 ቀን ተሰብስቦ አቶ ተመስገን ጥሩነህን ርእሰ መስተዳድር አድርጎ ሾመ።