የሙሽራ ወርቅና የአጣቢዪቱ ቤት

በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ልጁን የሚድር አባት፥ ለሙሽራይቱ አንገት የሚሆን ጥቂት ወርቅ ያገኘ እንደ ሆነ ደስታው ብዙ ነው። ነገር ግን ያን ወርቅ ከአሸዋ ለይታ ያወጣችውን እናት የሚያስባት ጥቂት ነውና፥ ስለ እርስዋና ስለ ቤትዋ ለመጻፍ ወደድን።

ከደጋው ጎጃም ወደ ምዕራብ ሲወረድ የመተከል ቆላ ይገኛል፤ ይህ አገር ቀድሞ በጎጃም ጠቅላይ ግዛት ውስጥ ነበር፥ ዛሬ ግን በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ነው። በዚያ ወርቅ በእጅ እየታጠበ ይወጣል። አብዛኛውን ጊዜ ወንዶቹ ይቆፍራሉ፤ ሴቶቹ አፈሩን ተሸክመው ወደ ውሃ ያወርዳሉ፥ ያጥባሉም።

የሥራው ብልኃት እንዲህ ነው። ወርቅ ከውሃ 19 እጥፍ ይከብዳል፤ ተራው አሸዋ ግን ከሁለት እጥፍ ተኩል እምብዛም አያልፍም። ስለዚህ አፈሩን በእንጨት ገበቴ አድርገው በውሃ እያዞሩ ሲነቀንቁት፥ ቀላሉ አሸዋ በጠርዙ ይፈሳል፤ ጥቁሩ የብረት አሸዋና ወርቁ ከሥር ይቀራሉ። የብረቱን አሸዋ በማግኔት ይለዩታል። እስከዚህ ድረስ ድካም እንጂ መርዝ የለበትም።

መርዙ የሚመጣው እንደ ዱቄት የደቀቀውን ወርቅ ለመሰብሰብ ባዜቃ፥ ማለት ሜርኩሪ፥ የተጨመረበት እንደ ሆነ ነው። ባዜቃ ወርቁን አጣብቆ ይይዛል፤ በእሳት ላይ ሲጣድ እርሱ ተንኖ ወርቁ ብቻውን ይቀራል። እንፋሎቱ ግን አይታይም፥ አይሸትም። በማድ ቤት የተደረገ እንደ ሆነ ከትንፋሽ ጋር ይገባል፤ በግድግዳና በዕቃ ላይም ይቀራል። እጅን ያንቀጠቅጣል፥ ኩላሊትን ይጎዳል፥ በማኅፀን ወዳለው ሕፃንም ያልፋል።

በጃፓን አገር በሚናማታ ከተማ በ1948 ዓ.ም. የታወቀው በሽታ ለዚህ ምስክር ነው፤ ከፋብሪካ ወደ ባሕር የፈሰሰ የባዜቃ መርዝ በዓሣ አድርጎ ወደ ሰው ገባ፥ ደኅና ከሚመስሉ እናቶችም የታመሙ ልጆች ተወለዱ። በ2006 ዓ.ም. በዚችው ከተማ ስም የተጠራ የመንግሥታት ውል ተፈርሞ፥ ወርቅ የያዘ ባዜቃን ሰው በሚኖርበት ሰፈር ማቃጠል እንዲቀር አዘዘ።

እንግዲህ ለቤት የሚሆነው ምክር ይህ ነው። ባዜቃ ከቤት አይግባ። የግድ የሆነ እንደ ሆነ፥ እንፋሎቱን መልሶ በሚይዝ ዝግ ዕቃ ከመኖሪያ ርቆ ይሠራ፤ ነፍሰ ጡርና ሕፃናት አይቅረቡ፤ ባዜቃ የነካው ዕቃም ለምግብ አይሁን። ወርቁ ከተማ ደርሶ አንጥረኛው ሲያቀልጠው የቀረው ባዜቃ ይተናልና፥ እርሱም ከልጆቹ መኝታ ተለይቶ ይሥራ።

የወረዳ ሹማምንትም ይህን ለሕዝቡ ቢያስረዱ፥ የተተዉትንም ጉድጓዶች ቢያስደፍኑ፥ ትልቅ በጎ ሥራ ነው። የአንዲቱ ልጅ ጌጥ የሌላይቱን ልጅ ጤና የነሣ እንደ ሆነ፥ ያ ሰርግ ምን ደስታ አለው?